ለአባባ ተክሉ የተሰካው አበባ

ደሴ፣ ሐሙስ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ ማክሰኞ ሰኔ 24 ቀን ጠዋት አረፉ። በማግሥቱ ቀበርናቸው። ሥርጉት አልሰማችም።

እህቴ ፋናዬ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር በይኝ። ስለ ሕመማቸው ጠይቀሽ በቴሌግራም የላክሽውን ያየሁት ከቀብር ስመለስ ነው፤ መልሱ ከላይ ያለው ነው። ያልደወልኩት ድምፄ ስለማይታዘዝልኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፖስታ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ፣ ራሴ መጻፍ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ይህንንም ጎረቤታችን መምህርት ፊርደውስ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች።

የምለምንሽ ነገር አለ። የእህቴ የሥርጉት ደም ግፊት እንዴት እንደሚያደርጋት ታውቂያለሽ፤ ብቻዋን ቤት ተቀምጣ በስልክ የአባቷን ሞት እንድትሰማ አልፈልግም። ደግሞ ባለፈው እሑድ ስትደውል ያወራችኝ ስለ ልጇ ስለ ኤደን ብቻ ነበር። ልጅቷ ነሐሴ 3 ቀን እዚያው ቶሮንቶ በሚደረግ የጭፈራ በዓል ላይ ልትጨፍር ነው አለችኝ፤ እንደዚህ ደስ ብሏት ከሰማኋት ቆይቷል። ከቤተሰቡ ጋር ተመካክረን የልጅቷ ቀን እንዳይበላሽ ወሰንን። ከበዓሉ ማግሥት፣ እሑድ ንጋት ላይ፣ ሰው ይዘሽ ገብተሽ መርዶውን ንገሪልን። የደሴ ሰው እዚያም ብዙ ነውና ወሬው ዛሬ ነገ ይደርሳችኋል፤ የእድሩ ሰዎች እስከዚያ አፋቸውን እንዲይዙ አንቺው አስታውቂልን።

ከአንቺ በቀር ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከአንድ አጥር ሥር ነው ያደጋችሁት።

ወንድምሽ በየነ ተክሉ


ቶሮንቶ፣ እሑድ ጁላይ 6፣ 2025

ለተከበሩ ጋሼ በየነ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። አባባ ተክሉ ለእኔም አባቴ ነበሩ። በአጥራችሁ ቀዳዳ ሾልኬ ገብቼ ከእናንተ ትሪ ስበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤትሽ ሂጂ ብለውኝ አያውቁም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ሥርጉት ሳሎን ነበረች። የኤደንን ቀሚስ ጫፍ ልታሳጥር መጥታ መርፌና ክር ትፈልግ ነበር።

ስለ ጭፈራው ፊርደውስ አስከትላ የላከችውን የእርስዎን ጥያቄም አይቻለሁ። ጭፈራው ሁላ ይባላል፤ የሃዋይ ሰዎች ጭፈራ ነው። እንደኛ በትከሻ አይደለም፤ በእጅና በዳሌ ነው፤ እጁ ታሪኩን ይናገራል፣ ዳሌው ልኩን ይጠብቃል። ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርት አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ስሠራ አብራኝ ትሠራ የነበረች ኖኤላኒ የምትባል የሃዋይ ሴት ናት ያስገባችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አስተማሪያችን እሷ ናት፤ ኩሙ እንላታለን፤ በቋንቋቸው አስተማሪ ማለት ነው። ጃማይካዊት የአውቶቡስ ሾፌር አለች፣ ሁለት የፊሊፒንስ ነርሶች አሉ፣ ቀሚሷን እየረገጠች የምታስቀን አንዲት ጃፓናዊት አያት አለች። ኖኤላኒ ትልቅ ቅል ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ስትመታው እግራችን ሁሉ አንድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደስታ የማገኘው በሌላ ቦታ አይደለም። ኤደንን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ አምና ነው።

አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ሳይወዱት አይቀሩም። ተማሪዎቹ ዝም ብለው አይገቡም። ከበሩ ውጭ ተሰልፈው፣ እንድንገባ ፍቀዱልን የሚል ዜማ ያዜማሉ። ውስጥ ያለው ሰው ድምፃቸውን ያደምጣል። ደስ ካላለው ዝም ይላል፤ እነሱም ይደግማሉ። መልሱን በዜማ እስኪሰጣቸው ድረስ ማንም እግሩን አያነሳም። ዘንድሮ በበዓሉ ላይ ከውስጥ ሆኜ የምመልሰው እኔ ነኝ። ከተማሪዎቿ ሁሉ ቀድሜ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ኖኤላኒ ለእኔ ሰጠችኝ።

ትናንት ልምምድ ላይ ሥርጉት መጥታ ከዳር ተቀምጣ ነበር። "አንቺ ፋናዬ! ይሄ ሁሉ ዳሌ እስከ ዛሬ የት ነበር?" ብላ ጮኸችብኝ።

"ቪዛ ሲጠብቅ ነዋ" አልኳት።

ኤደን ለሌሎቹ ተረጎመችላቸው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሥርጉት ናት። አየኋትና አባባን አሰብኩ።

የእድሩን ሰዎች አነጋግሬአለሁ። ሁሉም እስከ በዓሉ ማግሥት እንደሚጠብቁ ቃል ሰጥተውኛል።

እህትዎ ፋናዬ


ደሴ፣ ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ፋናዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል?

በመልእክት የጠየቅሽኝን ለማስታወስ ብዙ አላሰብኩም። እናትሽን እትዬ እታገኝን የቀበርናቸው ነሐሴ 12 ቀን 1986 ነው። በማግሥቱ ከቴሌ ወረፋ ጠብቄ ለሥርጉት ደወልኩ። አንቺ ያኔ የራስሽ ስልክ አልነበረሽም፤ የተሰጠን የእሷ ቁጥር ነው። መስመሩ ጥሩ ነበር። አለቀሰች፤ ሰምቻታለሁ። "ነገ ጠዋት ሰው ይዤ ሄጄ እነግራታለሁ" አለችኝ። እኔም አደራ ብዬ ዘጋሁ። ከአንቺ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ሳምንት መቆየቱን አስታውሳለሁ፤ የሐዘን ነገር ነው ብለን ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቀኑን ለምን እንደፈለግሽው ግን አልገባኝም።

እኛ እንዳለን አለን። ሥርጉት እሑድ ደወለች። "አባባን አገናኘኝ" አለችኝ። "ተኝተዋል" አልኳት። "እሺ፣ ትራሳቸውን ከፍ አድርግላቸው፤ ዝቅ ሲል ያፍናቸዋል" አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁና ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የሚቀጥለውን እሑድ እንዴት እንደምመልስላት አላውቅም።

በየነ


ቶሮንቶ፣ እሑድ ጁላይ 20፣ 2025

ለተከበሩ ጋሼ በየነ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ለምን እንደጠየቅሁ ልንገርዎ።

በዚያን ጊዜ እዚህ የባህል ጭፈራ ቡድን ነበረን። መሪዋ ሥርጉት ነበረች፤ ከፊት ቆሜ የምጨፍረው እኔ ነበርኩ። እንቁጣጣሽን ለማክበር ብሉር አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን፣ ከሞንትሪያልና ከኦታዋ ሳይቀር ሰው ተጠርቶ ነበር። የጨፈርኩት በዋዜማው፣ ጳጉሜ 5 ቀን ነው። እናቴ ከተቀበረች ሦስት ሳምንት አልፏት ነበር። እኔ አላወቅሁም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ያገር ሰው በሙሉ ያውቅ ነበር።

የሰዎቹን ፊት አስታውሳለሁ። አንዳንዶቹ እያጨበጨቡ ዓይኔን አያዩኝም ነበር። ዓይነ አፋር ሆነው መስሎኝ የበለጠ ሳቅሁላቸው። አንዲት ሴት ሽልማት ብላ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እያለቀሰች ሄደች። በጭፈራዬ ያስለቀስኳት መስሎኝ ኮራሁ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ማታ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ሥርጉት ከፊታቸው ነበረች። እያለቀሰች አቀፈችኝና "እኛም የሰማነው ትናንት ማታ ነው" አለችኝ። አብሮኝ የቆየው ይህ ቃል ነው። አምኛት ነበር ማለት አልችልም፤ ውሸታም ለማለትም ማስረጃ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ቀን ወዲህ ትከሻዬን አንቀጥቅጬ አላውቅም። የሰው ሠርግ ላይ ሲጎትቱኝ ወገቤን ያመኛል እላለሁ። ሁላ የገባሁት የእኔ ሰው የማይመጣበት ቦታ ስለሆነ ነው። እዚያም ተከትላኝ መጣች።

ያዘዙኝን ግን በሙሉ እፈጽማለሁ። ከበዓሉ በፊት አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። የፊተኛውን ወንበር የያዝኩላት እኔ ነኝ። የእድሩንም ሰዎች ኤደንን እንዲያዩ ጋብዣቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ይመጣሉ። ከኋላዋ ተቀምጠው ጀርባዋን ያያሉ። እሷ ታጨበጭባለች። እሑድ ንጋት ላይ በሯን ሳንኳኳ የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ። "እኛም የሰማነው ትናንት ማታ ነው" እላታለሁ። ቃል በቃል።

ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም። ወጉ ነው። ያዘዘኝም የገዛ ወንድሟ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኖኤላኒ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ስም የአበባ ጉንጉን ይዘው ይቀርባሉ፤ ሌይ ይሉታል። በሕይወት ላለ ሰው ከሆነ አንገታቸው ላይ አጥልቀውት ይጨፍራሉ። ለሞተ ሰው ከሆነ፣ ከመጨፈራቸው በፊት ከመድረኩ ጎን በትልቅ ገንዳ የሚቆም ዛፍ አለ፤ እሱ ላይ ሰቅለው ባዶ አንገታቸውን ይመለሳሉ። ቤቱም ዝም ብሎ ይቆምላቸዋል። ኤደን የመረጠችው አያቷን ነው። ትናንት ሦስታችን ተቀምጠን የልምምዱን አበባ በመርፌ ስንሰካ፣ ሥርጉት ጣቷን ወጋችና እየመጠጠች "ኤደንዬ፣ ጠበቅ አድርጊው፤ አባባ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ገና እኛን ሁላችንንም ይቀብራሉ" አለች።

እኔም ክር አቀበልኳት።

ፋናዬ


ደሴ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ለፊርደውስ ሰጠኋትና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ አልኳት። ዓይኔ የሳተ መስሎኝ ነበር። አልሳተም።

ይህን አላውቅም ነበር። ሥርጉት ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ባውቅ ኖሮ አንቺን አልጠይቅም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ደብቁልን የሚል ቃልም ከአፌ አይወጣም ነበር። አሁን ቃሌን አንስቻለሁ። ዛሬውኑ ሁለት ሦስት ሰው ይዘሽ ገብተሽ ንገሪያት።

ለምን ራስዎ አይነግሯትም ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽኝ፣ ሞክሬአለሁ። ሐሙስ ዕለት ደወልኩላት። ገና ሄሎ ሳልል "አባባ ተነሡ እንዴ?" አለችኝ። "ውጭ ፀሐይ እየሞቁ ነው" አልኳት። ምላሴ ነው የተናገረው፤ እኔ አልነበርኩም። ከእንግዲህ እውነቱን ብነግራት የሚቀድማት የአባቷ ሞት አይደለም፤ የወንድሟ ውሸት ነው። እዚያ ያሉት ቄስ እንዲነግሯትም ጠይቄ ነበር፤ ጉዳዩን ፋናዬ ይዛዋለች ብለው ወደ አንቺ መለሱኝ።

ስለ ሥርጉት አልከራከርሽም። ላደረገችብሽ እኔም አልምራትም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ያን ጊዜ መድረክ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ መድረኩ ላይ የምትወጣው ሥርጉት አይደለችም። ሥርጉት ወንበር ላይ ናት። አያቷ መሞታቸውን ሳታውቅ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት የምትጨፍረው ኤደን ናት። እሷ ምን አደረገችሽ?

በየነ


ቶሮንቶ፣ እሑድ ኦገስት 3፣ 2025

ለተከበሩ ጋሼ በየነ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ይደረግልኝ። ልክ ነዎት። ስለ ወንበሩ ሳስብ መድረኩን ረስቼው ነበር።

ስለዚህ ለኤደን ነገርኳት። አርብ ከልምምድ በኋላ በመኪናዬ ወደ ኢስት ዮርክ ስንመለስ ነው። መንገድ ዳር አቆምኩና አያትሽ አርፈዋል አልኳት። መሪው ላይ ያለውን እጄን ይዛ አለቀሰች።

"እማዬ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"የእድሩ ሰው ሁሉ።"

"ዌይት። ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው? ዋይ? ለምንድን ነው ለኔ ብቻ የነገርሽኝ አክስቴ?"

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። የብሉሩን አዳራሽ ነገርኳት፤ ማን እንዳወቀ፣ መቼ እንዳወቀ፣ በማግሥቱ በሬ ላይ ምን እንዳለችኝ። ስጨርስ እንባዋ ደርቆ ነበር።

"ሶ እማዬ እያወቀች ስቴጅ ላይ አወጣችሽ።"

"አዎ።"

"ሁላችሁም በደስታ ቀኔ እያወቃችሁ ልታዩኝ ነበር።"

መኪናውን አስነሣሁ።

ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ከመኪናው አልወረደችም። "አበባውን ቅዳሜ ዛፉ ላይ እሰቅለዋለሁ" አለችኝ። "እማዬ ከፊት ትቀመጥ። ከዛፉ ትስማው። አንቺ ምንም እንዳትያት። ፕሮሚስ አድርጊልኝ።"

ቃል ገባሁላት። ቅር ሳይለኝ አልቀረም ብለው እንዳያስቡ፤ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስቤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም ነበር። አንገቷ ላይ ያለውን አበባ አውልቃ ወደ ዛፉ ስትራመድ ሥርጉት እጇን ለማጨብጨብ እንዳነሳች ትቀራለች። ልጅቷ በመድረክ ላይ እንዲህ ስታደርግ ማንም ምንም ሊል አይችልም።

ይኸው ነው። አልደበቅሁዎትም።

ፋናዬ


ደሴ፣ ረቡዕ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

ለኤደን ደወልኩ፤ አታነሳም። ሥርጉት ትናንት ደውላ "ኤደን ሰሞኑን አታናግረኝም፤ ፌስቲቫሉ አስጨንቋት ነው መሰለኝ፤ ዝም ልበላት አይደል ጋሼ?" አለችኝ። አዎ፣ ዝም በያት አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

በእናትሽ ለቅሶ በልጅ ቦታ ማን ተቀመጠ ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽኝ፣ አባባ ናቸው። ሌላ ልጅ ስላልነበራቸው ሰው ሁሉ የሚያጽናናው ጠፍቶት ሲቆም፣ አባባ ድንኳኑ መሐል ገብተው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። "ልጄ ፋናዬ እስክትመጣ ቦታዋን እኔ እይዝላታለሁ" አሉ። ሦስት ቀን ከዚያ አልተነሡም። መጽናኛውን የተቀበሉልሽ እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ አርባቸውን እናወጣለን። ከእንግዲህ ለእኔ ብለሽ የምታደርጊው ነገር የለም። የማዝሽም የለኝም።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ሐሙስ ኦገስት 7፣ 2025

ለተከበሩ ጋሼ በየነ፣

ስለ አባባ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ትናንት የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ኤደን አንድም እርምጃ አልሳተችም። ኖኤላኒ ግን ቅሉን መምታት አቁማ ሁለቴ አስቆመቻት። ስለ አባባ የምታውቀው የለም። "እጅሽ ልክ ነው" አለቻት፤ "ፊትሽ ግን ሰው ለመምታት የሚሄድ ሰው ፊት ነው። ለማን ነው የምትጨፍሪው?"

"ለአያቴ" አለች ኤደን።

"እሱን እዚህ አላየሁትም" አለቻትና ቅሉን አንስታ ቀጠለች። ጃፓናዊቷ አያት የራሷን አበባ አውልቃ ኤደን ጸጉር ላይ ሰካችላት። ልጅቷ አልሳቀችም።

ውጭ ስንወጣ ይዤ አቆምኳት። አርብ ማታ አብረን ለእናትሽ እንንገራት፣ አበባውንም እሷ ራሷ ትስቀለው አልኳት።

"ፕሮሚስ አድርገሻል" አለችኝ።

"አውቃለሁ። ተይው እያልኩሽ ነው።"

"አንቺ ሠላሳ ዓመት ጠብቀሽ የለ?" አለችኝ። "እኔ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ያቅተኛል?" ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። አካሄዷ የማን እንደሆነ ዐወቅሁት። የእናቷ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ለሥርጉት ደወልኩላት። ልነግራት ነበር የደወልኩት። "ወዬ ፋኒዬ!" አለችኝ፤ የጸጉር ማድረቂያ ድምፅ ከኋላዋ ይሰማ ነበር። "ለቅዳሜ ሐበሻ ቀሚስ ልልበስ ወይስ ሱሪ? ነጩን ብለብስ ለዚያ አበባ ይሄዳል አይደል?" ነጭ ስትል የእኔ ነጭ ቀሚስ መጣብኝ፤ ያኔ ያለበሰችኝ እሷ ናት፣ መቀነቴንም ያሰረችልኝ እሷ ናት። "ነጩን ልበሺ" አልኳት። "ወንበርሽ ከፊት ነው።" ዘጋሁት።

ስለዚህ ቅዳሜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሐይቁ ዳር ያለው የኢቶቢኮ አዳራሽ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ዛፉም ከመድረኩ ጎን ቆሟል። አበባ የሰኩ እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር አብረው ከበሩ ውጭ ይሰለፋሉ። ሥርጉት ነጭ ለብሳ ከኤደን ኋላ ትቆማለች። እኔ ውስጥ ነኝ። እነሱ እንድንገባ ፍቀዱልን ብለው ያዜማሉ፤ እኔ አደምጣለሁ። ዝም ካልኩ ይደግማሉ፤ እስከፈለግሁ ድረስ ዝም ማለት እችላለሁ። መልሱን ካዜምኩ ይገባሉ፣ ሥርጉትም ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ የቀረውን ኤደን ትጨርሰዋለች። ሳልመልስ በሩን ከፍቼ ብወጣ ደግሞ ሥርጉት ሁለት እርምጃ ላይ ናት።

ኖኤላኒ በሩን ከእጄ ብትወስድልኝ በወደድኩ ነበር፤ የበሩ ነገር የአንቺ ነው ብላኛለች። መልሱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ለሁለቱም ልብስ ተኩሻለሁ፤ የሁላውን ቀሚስና ጥቁሩን። የቱን እንደምለብስ እስካሁን አላውቅም።

እናንተ ተዝካሩን ጨርሳችሁ እንግዳ ስትሸኙ እዚህ ገና ጠዋት ነው። በሩ ላይ የሚቆሙት ቅዳሜ ኦገስት 9፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው።

ፋናዬ